የአማት ጭነት

«ሲሚንቶ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዴ ከያዘ አይለቅም ለማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ፊቱ አይፈታም ለማለት ነው የሚሉም አሉ። ፊቱስ እውነትም አይፈታም ነበር፤ ግን ሰውየው ፊቱን ሳይፈታ ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርስ አስተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው የቁሶች ጥንካሬ የሚባለውን ትምህርት ነው። ብረት መቼ ይለጠጣል፣ አግዳሚው ቢም መቼ ይጎብጣል፣ ቋሚው ኮለን ስንት ይሸከማል፤ ይኸው ነው ትምህርቱ። እንዲህ ያለውን ደረቅ ነገር ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ለሚያዳፋው ተማሪ ለማቅመስ አንድ መላ ነበረው። መላው ደግሞ አማቱ ነበሩ።

«ጭነት ሁለት ዓይነት ነው» ብሎ ይጀምራል፣ እጁ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፈ። «ቋሚ ጭነት አለ፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉ። ንቅንቅ አይልም። ተንቀሳቃሽ ጭነት አለ፤ ሰው፣ ዕቃ፣ መጥቶ የሚሄድ ሁሉ። አማቴ ግን ሦስተኛ ዓይነት ናቸው። ተንቀሳቃሽ ሆነው ይመጡና ቋሚ ሆነው ይቀራሉ።»

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፤ ኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል። ብረት ትንሽ ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥበት ቀስ በቀስ እንደሚጎብጥ ሲያስተምር አማቱ ይመጣሉ። የተደጋገመ ትንሽ ጉልበት ትልቁን ብሎን እንደሚበጥስ ሲያስተምር ደግሞ፣ አንድ ምክር ማንንም አይገድልም፣ ጠዋት ማታ ሲሆን ነው ይላል፤ ምክሩ የማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ቀልዱ እየበዛ ሄዶ ሄዶ ተማሪው ስለ አማቱ የሚያውቀው ስለ ብረት ከሚያውቀው በለጠ።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። እኚህ አማት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አንድ ግቢ ሙሉ ልጅ ጸጥ ያሰኙ የነበሩ ሴት። ሲሚንቶ ገና ኪሱ ባዶ ጎረምሳ ሳለ ልጃቸውን ላግባ ሲል፣ ሟቹ ባለቤታቸው ድንጋይ ሲለካ ለሚውል ልጄን አልድርም ብለው ድርቅ ሲሉ፣ «እኔ አይቼዋለሁ፤ ልጁ ጨዋ ነው» ብለው ነገሩን የቋጩት እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸውን ታመው ለሁለት ሳምንት ብለው ልጃቸው ቤት ከመጡ ዓመት አለፈ። ጉልበቱ ዳነ፣ እሳቸውም አልሄዱ፣ ሻንጣቸውም አልተፈታ። ሻንጣው በተሰጣቸው ክፍል በር አጠገብ ቆሟል፤ ጠዋት ልብስ ይወጣበታል፣ ታጥቦ ሲደርቅ ተጣጥፎ ይመለስበታል። ቁም ሳጥኑ ባዶውን ነው። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ ሸክም መሆን አልፈልግም።

ሚስቱ ያቺ ሻንጣ የተፈታች ቀን ነው እኔ የማርፈው ትላለች። እናቷ አንድ ቀን ድንገት ብድግ ብለው ወደዚያ ጭር ወዳለው ቤታቸው ብቻቸውን እንዳይመለሱባት ነው ጭንቋ። ሲሚንቶም ቢሆን፣ ቀልዱን ተዉትና፣ ከአማቱ ጋር በዜና ካልተከራከረ እራቱ አይወርድለትም። «አንተ ልጅ፣ ሳታነብ አትከራከረኝ» ሲሉት ደስ ይለዋል። ይህን ግን ክፍል ውስጥ ተናግሮት አያውቅም፤ ይህ አያስቅማ።

ጣጣው የመጣው ትምህርት ክፍሉ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሠራ አስጠኚ ይኑረን ብሎ የተሰበሰበ ዕለት ነው። ተማሪው በሰዓቱ ያልገባውን ነገር ማታም ሆነ ጠዋት ማሽኑን ይጠይቃል፤ ማሽኑ ደግሞ የተማረው ከራሱ ከመምህሩ ትምህርት ነውና በመምህሩ አነጋገር ይመልሳል። በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ አብልጦ የተናገረው ሲሚንቶ ነበር። መምህር ማሽኑ የሚማርበትን ነገር ቁጭ ብሎ ያንብብ፤ ተማሪም ማሽኑ ያለውን ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክር፣ የወሰደውንም ወሰድኩ ይበል፤ አለዚያ ሁላችንም በቀቀን ሆነን እንቀራለን ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ተጨበጨበለት። እሱም በጭብጨባው ሞቅ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ማሽኑን የማሰናዳቱ ሥራ ለረዳት መምህሯ ተሰጠ። የራሱ የሲሚንቶ የቀድሞ ተማሪ ናት፤ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሥራዋ ግን ዝንፍ የማይል ልጅ። የትምህርቱን የድምፅ ቅጂዎች በሙሉ ወደ ጽሑፍ አስለውጣ ላከችለትና፣ አንብበው የማይሆነውን ያውጡልኝ አለችው። ሲሚንቶ ፋይሉን ከፈተው። ርዝመቱን አየ። የገዛ ራሴን ትምህርት ደግሞ ምን አነበዋለሁ አለና «አይቻለሁ፣ መልካም ነው» ብሎ መለሰላት። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ግን በዚያን ሰዓት እንደ ውሸት አልታየውም።

ተማሪዎቹ ማሽኑን «ትንሹ ሲሚንቶ» አሉት። ወደዱትም። አንድ ሳምንት ሳይሞላ መምህሩ የቤት ሥራ ሰጣቸው፦ የአንድ መኖሪያ ቤት ወለል የሚሸከማቸውን ጭነቶች ለይታችሁ አስሉ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቢሮው ገባና በሩን ዘግቶ ማረም ጀመረ። የመጀመሪያው ወረቀት ቋሚ ጭነትን አስልቷል፣ ተንቀሳቃሽ ጭነትን አስልቷል፣ ከዚያ ደግሞ በሦስተኛ ረድፍ «የአማት ጭነት» ይላል። ሲሚንቶ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ተማሪው እየቀለደ መሰለው። ሁለተኛውን ወረቀት አነሳ፤ የአማት ጭነት። ሦስተኛውም። ከክፍሉ እኩሌታው የሚሆነው አማትን በኪሎኒውተን አስልቶ፣ ከሌላው ጋር ደምሮ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮበታል። አንዷማ አማት ስትቆይ ክብደቷ ይጨምራል ብላ በአንድ ነጥብ ስድስት አባዝታዋለች።

ብቻውን ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ የተቋረጠው የአንዱ ተማሪ ወረቀት ግርጌ ላይ ሲደርስ ነው። «የአማት ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ቤቱን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። መፍትሔው ጭነቱን ማንሳት ነው» ይላል። ሲሚንቶ ይህን ብሎ አያውቅም። ማንሳት የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ማሽኑ እሱ ካለው ተነስቶ በራሱ የደረሰበት ነው። ችግሩ ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑ ነበር። በዓመቱ ውስጥ የተናገረውን ሁሉ ደምሮ ለሚያየው ሰው መልሱ ያው ነው።

በማግስቱ ክፍል ሲገባ ግን ቁጣውን ይዞ ነው የገባው፤ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚቀናው መቆጣት ነው። የአማት ጭነት ብሎ የጻፈ ሁሉ ዜሮ ነው አለ። መጽሐፍ የተጻፈው ለምንድን ነው፣ ማሽን ያለውን ሁሉ የምትውጡ ከሆነ ነገ ድልድይ ስትሠሩ ሰው ትገድላላችሁ አለ። እውነቱን ነው፤ ተማሪዎቹም አንገታቸውን ደፉ። የክፍሉ ተጠሪ ግን እጇን አወጣች። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ናት።

«መምህር፣ መጽሐፉን አላየንም፤ ጥፋታችን ነው። ዜሮውም ይገባናል» አለች። «ግን ማሽኑ ይህን ከየት አመጣው? እርስዎ አንብበው ያሳለፉት አይደለም እንዴ?»

ሲሚንቶ ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ወረቀታችሁን ውሰዱ፣ ከማሽኑ የወሰዳችሁትን በሙሉ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራችሁ የቱ ልክ የቱ ስህተት እንደሆነ ጽፋችሁ አምጡ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ለዚያ ነው አለ። ዜሮውን ዋጠው።

ከክፍል ወጥቶ በቀጥታ ረዳት መምህሯ ቢሮ ሄደ። ቃሉን አጥፊልኝ አላት። እሷም ዓይኑ እያየ «አማት» የሚለውን ቃል ከነዘመዶቹ አወጣችና ማሽኑን ጠየቀችው። ማሽኑም ጭነት ሦስት ዓይነት ነው፣ ሦስተኛው ለሁለት ሳምንት ብሎ የሚመጣው ነው ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ ወጥተው ወሬያቸው ቀርቷል። መላው አንድ ብቻ ነው አለችው፤ ከላይ እስከ ታች ይነበብ፣ ቀልዱ ከትምህርቱ በእጅ ይለቀም። ከዚያም ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ አይቻለሁ ብለውኝ ነበር እኮ አለችው።

«አላየሁትም» አለ ሲሚንቶ። «አሁን አየዋለሁ። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ነገር ሲጠይቁት ከራሱ አይቀጥል። አላውቅም፣ መምህሩን ጠይቁ ይበል።»

ጥድፊያው ያለ ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተሰብ ተጋብዞ አዲሱ አስጠኚ በአዳራሽ ሊታይ ነው። የጥሪው መልእክት ለየቤተሰቡ ከተላከ ሰንብቷል፤ ሚስቱ ለእናቷ ነግራ፣ እሳቸውም የልጄን ሥራማ ማየት አለብኝ ብለው የሚለብሱትን ልብስ ከሻንጣው አውጥተው ተኩሰዋል። ልጄ የሚሉት እሱን ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያ ማሽን በሺህ ሰው ፊት መፍትሔው ጭነቱን ማንሳት ነው ቢል፣ እኚያ ሴት በዚያው ዕለት ሻንጣቸውን አንስተው እንደሚወጡ ሲሚንቶ አልተጠራጠረም። ሚስቱ ደግሞ ይህን ይቅር የምትለው አልመሰለውም።

አነበበ። በእረፍት ሰዓቱ፣ በምሳ ሰዓቱ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ አነበበ። የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ንግግሩ ይጻፋል እንጂ ሳቅ አይጻፍም። ክፍሉን ያፈረሰው ቀልድ ሁሉ ሳቁ ተራግፎለት፣ ርቃኑን ቀርቶ ጠበቀው። አማቴ እንዲህ ናቸው። አማቴ እንዲህ አሉ። አማቴ አይሄዱም። አንድ ክፉ ሰው አንዲት አሮጊትን ዓመት ሙሉ ሲያማ የሚመስል ነገር ነው። ስለ እራት ሰዓቱ ክርክር፣ ስለዚያ «ልጁ ጨዋ ነው» ስለሚለው ቃል አንድ መስመር አጣ። አፈረ። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አማቱ «እርስዎ» ይሉት ጀመር። «መምህር፣ እራት ቀርቧል፤ ይምጡ» ይላሉ። መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለው። ዜና ላይ ቢተነኩሳቸው፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ የሚሉት ሊሆን ይችላል ብለው ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ሚስቱን ቢጠይቃት፣ ቅዳሜ በአንተ ልትኮራ ስለሆነ እያከበረችህ ነው አለችው። ሲሚንቶም ይህንኑ ለማመን ሞከረ፤ ግን «አንተ ልጅ» የምትለዋ ነገር ብትቀርበት እራቱ እንቢ አለው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ረዳት መምህሯ መድረክ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ከታዳሚው የሚመጣውን ጥያቄ ትጽፋለች፤ መልሱ ትልቁ ግድግዳ ላይ ይወጣል። አንድ አባት፣ ይህ ነገር ለልጄ የቤት ሥራውን ሊሠራለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ማሽኑም ላስረዳው እችላለሁ፣ መሥራቱና ማመሳከሩ ግን የእሱ ነው ብሎ መለሰ። ሰው ረካ። ሌላዋ እናት ቢም ለምን እንደሚጎብጥ ጠየቁ። ጥሩ አድርጎ፣ ያለ ማንም አማት፣ አስረዳቸው። ሲሚንቶ ግድግዳውን እንደተደገፈ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ያኔ ነው አማቱ እጃቸውን ያወጡት። የተተኮሰውን ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው፣ ርዕሰ መምህርት እንደነበሩ በሚያስታውቅ አኳኋን ቆሙ።

«የአማት ጭነት ማለት ምን ማለት ነው?»

ተማሪዎቹ የተቀመጡበት ማዕዘን ውስጥ ሳቅ ሊፈነዳ ብሎ ታፈነ። ሲሚንቶ ክው አለ። ረዳት መምህሯ ወደ እሱ አየች፤ ሌላ ምን ታድርግ፣ ጻፈችው። ግድግዳው ላይ መልሱ ወጣ፦ «ይህ ቃል በተማርኩት ትምህርት ውስጥ የለም። የማላውቀውን ከራሴ አልናገርም። እባክዎ መምህሩን ይጠይቁ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ መምህሩን አየ። እንዲህ በል ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የተዘጋጀ መልስ ብልጭ አለለት፤ ማሽን አንዳንዴ ይቀባጥራል፣ ከሌላ ቦታ ያመጣው ይሆናል ቢል ማንም አይጠራጠረውም። ማሽን አፍ አውጥቶ አይከራከር። ግን ማዕዘኑ ላይ የክፍሉ ተጠሪ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። አማቱም ቆመዋል፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም።

«ቃሉ የኔ ነው» አለ ሲሚንቶ። «ማሽኑ ከኔ ተምሮት ነበር፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ተማሪ እንዳይተኛብኝ ብዬ ያወጣሁት ቀልድ ነው። የሚመለከታቸውን ሰው አላስፈቀድኩም፤ ማሽኑ ሳይማረው በፊት አንብብ ስባልም ሳላነብ አነበብኩ ብያለሁ። እንዲህ የሚባል ጭነት የለም።»

አማቱ አልተቀመጡም። «ስንት ሆኖ አገኙት፣ ሲለካ?»

«አልለካሁትም፣ እማማ» አለ። «ሳልለካ ነው የተናገርኩት። ለክቼው ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱን የደገፉት እርስዎ እንደሆኑ አየው ነበር።»

«እሺ። ይቀመጡ» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ ሲሚንቶም የሚቀመጥበት ወንበር ሳይኖረው ሊቀመጥ ቃጣው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ነገሩን ቀስ በቀስ አገጣጥማ ባሏን በጎን ታየዋለች፤ የምትለው ብዙ ነው፣ ግን እናቷ አሉ። አማቱ ቀድመው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲሚንቶ ሳሎን ቆሞ ወደዚያ በር አየ። ሻንጣው ከቦታው ተነስቷል። ዓመት ሙሉ የቆመበት ቦታ ላይ ወለሉ ከሌላው ይልቅ ነጥቶ ይታያል።

«አንተ» የሚል ድምፅ መጣ ከውስጥ። «ና እስቲ ወዲህ።»

ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። አማቱ ቀሚሶቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ አልጋው ላይ ያነጥፋሉ። ቀና ሳይሉ ነገሩት። የማሽኑ ሊንክ በጥሪው መልእክት ላይ ነበር፤ ልጃቸውን በስልካቸው ክፈቺልኝ ብለው፣ የሚያስተምረውን ልወቅለት፣ አዳራሽ ስገባ ደንቆሮ እንዳልሆን ብለው ማሽኑን ሲያጠኑ ሰነበቱ። ስለ ጭነት ጠየቁት፤ እሱም እስከ መፍትሔው ድረስ አብራርቶ ነገራቸው። በዚያው ዕለት ሊሄዱ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው ያቆያቸው።

«ማሽኑ ያለው የማሽን ነው፤ አንተ ፊት ለፊት ስትጠየቅ የምትለውን ልስማ አልኩ» አሉት። «በማሽኑ ብታመካኝ ኖሮ ይሄ ሻንጣ አሁን መኪና ላይ ነበር።»

ሲሚንቶ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። እሳቸው እጃቸውን አነሱና የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው፣ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመውን የልብስ መስቀያ ዘንግ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ዘንግ የኔን ልብስ ሁሉ ይችላል?»

ይችላል ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ሄዶ ከመሳቢያ ሜትር አመጣ። የዘንጉን ርዝመት ለካ፣ ውፍረቱን ለካ፣ ጫፎቹ የተያዙበትን ብሎን አጠበቀ። አማቱ እጃቸውን አጣምረው ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው ከራሱ በላይ ቆመውበታል። ሚስቱ በሩ ላይ መጥታ፣ የተከፈተውን ሻንጣ አይታ፣ በሩን ተደገፈች።

«አንድ ነገር ይቀረኛል፣ እማማ» አለ ሲሚንቶ፣ ሜትሩን እንደያዘ። «ጭነቱ ተንቀሳቃሽ ነው ወይስ ቋሚ?»

አማቱ የመጀመሪያውን ቀሚስ አንስተው ሰቀሉ።

«ቋሚ ነው» አሉት። «ያንን አስገብተህ አስላ።»